ልደታ ሠፈርና የምስጢር መርማሪዎች
ለቤተሰብ የሚሆኑ የቴሌቪዥን ድራማዎች

በአገራችን የተሰወረን ነገር ፈልጎ ማግኘት የቈየ ደስታ ነው። ሕፃናት በምሽት እሳት ዳር ተቀምጠው «እንቆቅልሽ፤ ምን አውቅልህ» ይባባላሉ፤ የቅኔ ተማሪ በሰሙ ውስጥ የተሸሸገውን ወርቅ ሲፈልግ ሌሊቱን ያነጋል፤ ሽማግሌዎችም በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሁለት ባላጋራዎችን ቃል እያመዛዘኑ እውነቱ በማን በኩል እንዳለ ይመረምራሉ። ስለዚህ በኤውሮፓና በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ እጅግ የተወደደው የወንጀል ምርመራ ታሪክ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ፣ መልኩ እንግዳ ቢሆንም ጠባዩ ዘመድ ሆኖ መገኘቱ አያስደንቅም።

ዛሬ ይህ ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በቴሌቪዥን አማካይነት በየቤቱ ይገባል። ነገር ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥይትና ደም ስለ ሆነ ከልጆችና ከሽማግሌዎች ጋራ ተቀምጦ ለማየት ያስቸግራል። ሌላው ደግሞ ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ የሰውን ጠባይ የሚመረምር፣ ከጠመንጃ ይልቅ በማስተዋል የሚሠራ ነው። ምስጢር መፍታት የሚወዱ አንባቢዎቻችን ከዚህ ከሁለተኛው ወገን የትኛውን ቢመርጡ ይጠቀማሉ? ይህን ለመናገር ባሰብን ጊዜ፣ በቤት ተቀምጠን ከመጻፋችን በፊት እውነተኛ ክርክርና እውነተኛ ፍርድ በየዕለቱ የሚሰማበትን ስፍራ መጐብኘት የሚገባ መስሎ ስለ ታየን ወደ ልደታ ሄድን።

ከመስቀል አደባባይ በከተማው ባቡር ለሚመጣ ሰው ልደታ ሩቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የባቡር መስመሮች ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ አብረው ይመጡና ከዚያ ወዲያ ይለያያሉ፤ አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ወደ ምኒልክ አደባባይ ይሄዳል። ከሳሽና ተከሳሽም እንዲሁ በአንድ መንገድ መጥተው በየፊናቸው የሚመለሱበት ሠፈር ስለ ሆነ፣ ሐዲዱ የሠፈሩን ጠባይ የተማረ ይመስላል።

ሠፈሩ ስሙን ያገኘው በዚያው ከሚገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የልደታ በዓል ግንቦት 1 ቀን በደረሰ ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ፣ ከቤት ወጥቶ በደጅ ላይ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ዳቦ ቈርሶና ቡና አፍልቶ ማክበር በከተማም በገጠርም የታወቀ ልማድ ነው። በዓሉ በደጅ መከበሩ ትልቅ ቁም ነገር አለበት። በዚያን ቀን ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ፣ ማን እንዳዘነና ማን ከማን ጋራ እንደ ተኳረፈ ሁሉም ያያል። ጎረቤቱን እንዲህ አድርጎ የሚያውቅ ሕዝብ የምርመራን የመጀመሪያ ትምህርት ሳያውቀው ተምሮታል።

ልደታ ቀድሞ የአዲስ አበባ የአየር በርም ነበረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረ ጊዜ አውሮፕላኖቹ ይነሡና ያርፉ የነበረው በዚህ ሜዳ ነው፤ የቦሌ ማረፊያ ተሠርቶ ሥራው ወደዚያ እስኪዛወር ድረስ ወደ ከተማው በአየር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አዲስ አበባን በልደታ በኩል ያያት ነበረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደግሞ ብዙዎቹ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላቸው አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው ኮንዶሚኒየም የሚባሉት ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ተሠሩ። ለጤናና ለንጽሕና ይህ ትልቅ መሻሻል መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም በአሮጌው ቤት ግድግዳው ስስ በመሆኑ የጎረቤት ሳል ይሰማ ነበረ፤ በአዲሱ ፎቅ ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ ከበላይ ማን እንዳለ ከበታች ያለው ሰው ላያውቅ ይችላል። ሰው ጎረቤቱን ባላወቀው መጠን መጠርጠሩ ይበዛል፤ ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ልደታ ሲባል በብዙ ሰው አሳብ ቀድሞ የሚመጣው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ነው። ከማለዳ ጀምሮ ዶሴ ያቀፉ ባለ ጉዳዮች፣ ጠበቆች፣ የሚመሰክሩበትን ሰዓት የሚጠብቁ ምስክሮች፣ ከሩቅ አገር ዘመዳቸውን ለመጠየቅ የመጡ እናቶች በአንድነት ይሰበሰባሉ። በአካባቢው ማመልከቻ ጸሓፊዎች፣ የፎቶ ኮፒ ቤቶችና ቡና ሻጮች ሥራቸውን ያካሂዳሉ። ምስጢርን በፊልም ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ቢመጣ በመጀመሪያ የሚያስደንቀው ፀጥታው ነው። የሚሮጥ መኪና፣ የሚተኰስ ሽጉጥ የለም። ያለው ቀጠሮ ነው፤ ወረቀት ነው፤ ደግሞም «ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?» የሚለው ጥያቄ ነው። በእውነቱ የወንጀል ምርመራ ጥበብ ሁሉ በዚህ በአንዱ ጥያቄ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል።

አባቶቻችን ይህን ጥያቄ ለመመለስ ልዩ ልዩ መንገድ ሞክረዋል። ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ታስረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ በሙግቱም ጊዜ በላ ልበልሃ እየተባለ በአንደበት ይፋለሙ ነበር። በአንድ አገር ስርቆት ወይም ቃጠሎ ሆኖ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይቀመጥ ነበር። አውጫጩ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። የአፈርሳታው ሥርዓት ለድርሰት የተመቸ በመሆኑ ደራሲው ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ መግቢያ በእንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፉት ልብ ወለድ ውስጥ የአንድ ሰው ቤት ተቃጥሎ የአገሩ ሕዝብ አጥፊውን ለማግኘት ሲሰበሰብ አሳይተዋል፤ የመጽሐፉም ስም «አፈርሳታ» ነው። ስለዚህ የምርመራ ታሪክ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ ዕቃ አይደለም።

ከእነዚህ መንገዶች አንዱ ግን የሚያሳዝን ነበር። ይኸውም ሌባ ሻይ የሚባለው ነው። ዕቃ በጠፋ ጊዜ ለአንድ ብላቴና የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያጠጡትና በወገቡ ገመድ አስረው ይለቁታል፤ ብላቴናው እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ የጠፋውን ዕቃ ዋጋ እንዲከፍል ይፈረድበት ነበር። ምስክር አይጠየቅም፤ ማስረጃ አይቈጠርም፤ የተከሰሰውም ሰው ጠባይ ምን እንደ ሆነ የሚመረምር የለም። የሰከረ ሕፃን እግር ዳኛ ሆኖ ስንቱን ንጹሕ ሰው እንዳደኸየ እግዚአብሔር ያውቃል። በኋላ ዘመን መንግሥት ይህን ልማድ ከለከለ። በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት ወጣ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ በፍርድ በሚታይበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ሆኖ እንዳይቈጠር መብቱን ጠበቀለት። ከልደታ ብዙም ሳይርቅ፣ ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» ተብሎ ይጠራ በነበረው ወህኒ ቤት ስፍራ ላይ፣ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። የወህኒ ቤቱ ስም ብቻውን ያለ አግባብ የተፈረደበት ሰው ምን እንደሚያጣ ለማስታወስ ይበቃል።

እንግዲህ ለቤተሰብ የሚሆን ድራማ ስንመርጥ የያዝነው ሚዛን ይህ ነው፤ መርማሪው እንደ ሌባ ሻይ በግምት ይጠቁማል፣ ወይስ እንደ ጥሩ ዳኛ ያያል፣ ይሰማል፣ ያመዛዝናል? በዚህ ሚዛን ላይ ከወጡት መካከል አምስቱን እናመለክታለን።

መጀመሪያ የምንጠራት ሚስ ማርፕል ናት። ይህችን ሴት የፈጠረችው እንግሊዛዊቱ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ ናት፤ ሚስ ማርፕል ዋና ሆና የምትገኝባቸውም ረዣዥም ልብ ወለዶች 12 ናቸው። ሁሉም እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1992 ድረስ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በድራማ ቀርበዋል፤ ሚስ ማርፕልን ሆና የተጫወተችው ጆን ሂክሰን ሥራውን ስትጀምር ዕድሜዋ 78 ዓመት ነበረ። ሚስ ማርፕል ያላገባች ባልቴት ናት፤ ሴንት ሜሪ ሚድ በምትባል ትንሽ መንደር ሹራብ እየሠራች፣ አትክልት እየኰተኰተች ትኖራለች። ያች መንደር እንደ ልደታ በማርያም ስም የተጠራች ናት። ፖሊሶች ባልቴቲቱን ይንቋታል፤ እርሷ ግን አንድ ሰው ሲዋሽ ባየች ጊዜ «ይህ ሰው በመንደራችን ከነበረው ከእገሌ ጋራ ይመሳሰላል» ብላ ጠባዩን በጠባይ ታመሳክራለች። በግንቦት ልደታ ደጅ ላይ ተቀምጠው ሁሉን የሚያዩትን የሠፈራችንን እናቶች የሚያውቅ ሰው ሚስ ማርፕልን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የአሜሪካው መቶ አለቃ ኮሎምቦ ነው። ፒተር ፎክ የተባለው ተዋናይ ይህን መርማሪ ሆኖ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ተከታታዩ በ1971 ጀምሮ፣ መካከል ላይ አቋርጦ፣ እስከ 2003 ድረስ 69 ክፍል ሆነ። የዚህ ድራማ አሠራር ልዩ ነው። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ለተመልካች ይታያል፤ ስለዚህ የሚያጓጓው ማን እንደ ገደለ ሳይሆን እንዴት እንደሚያዝ ነው። ገዳዮቹ ብዙውን ጊዜ ባለ ጸጎች፣ ባለ ሥልጣኖችና ሊቃውንት ናቸው። ኮሎምቦ ደግሞ የተጨማደደ የዝናብ ካፖርት ለብሶ፣ በአሮጌ መኪና መጥቶ፣ ስለ ሚስቱ እያወራ ትሕትና በተሞላበት ቃል ይጠይቃቸዋል። በልብሱ አይተው ይንቁታል፤ ንቀታቸውም መጥፊያቸው ይሆናል። በሥልጣን ወንበር ላይ ለተቀመጥን ሰዎች ሁሉ ይህ ድራማ ሳቅ ያለበት ተግሣጽ ነው። ሕግ ካባና ካፖርት እንደማይለይ ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር ጨዋታ በቀላሉ አይገኝም።

ሦስተኛው አባ ብራውን ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቼስተርተን በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጻፋቸውን አጫጭር ታሪኮች መሠረት አድርጎ የተሠራው ድራማ እ.ኤ.አ. በ2013 መታየት ጀመረ፤ ካህኑን ሆኖ የሚጫወተው ማርክ ዊልያምስ ነው። አባ ብራውን የካቶሊክ ቄስ ነው። ወንጀለኛውን የሚያውቀው ለብዙ ዘመን የሰውን ኃጢአት ሲሰማ በመኖሩ፣ ክፉ አሳብ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ስለ ተረዳ ነው። አጥፊውን ካገኘው በኋላም ከቅጣቱ ይልቅ ስለ ንስሐው ይጨነቃል። የነፍስ አባት በየቤቱ የሚገባበት አገር ሰዎች በመሆናችን፣ ምስጢር ሰሚ ሽማግሌ ካህን እንዴት ያለ መርማሪ ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ አንቸገርም። ታሪኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለሚፈጸም ማለዳ ለሚነሡ ልጆች የተመቸ ነው።

አራተኛው ኤርኵል ፓዋሮ የሚባለው የቤልጅግ ሰው ሲሆን፣ እርሱም የአጋታ ክሪስቲ ፍጥረት ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አገሩ በጠላት በተያዘ ጊዜ ተሰዶ ወደ እንግሊዝ አገር የገባ ነው። ዴቪድ ሱሼ የተባለው ተዋናይ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2013 ድረስ በ70 ክፍል ተጫውቶታል። ፓዋሮ ጢሙን አሳምሮ፣ ጫማውን አንጸባርቆ፣ ሁሉን በሥርዓት አስተካክሎ የሚኖር ነው፤ የእንግሊዝ ሰዎችም በአነጋገሩና በአለባበሱ ይስቁበታል። እርሱ ግን መሳቂያ መሆኑን እንደ መሣሪያ ይጠቀምበታል፤ ሰው በእንግዳ ፊት ምላሱን አይጠብቅምና። ስደትን ያየ ቤተሰብ፣ ልጁም በባዕድ አገር ያለ ወላጅ፣ በዚህ ሰው ላይ የራሱን ዘመድ ያያል። የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ኀዘን የበዛባቸው ስለ ሆኑ ለሕፃናት የመጀመሪያዎቹ ይሻላሉ።

አምስተኛውን ለመጨረሻ ያቈየነው ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ስለ ሆነ ነው። ይኸውም በአፍሪካችን በቦትስዋና አገር የተሠራው «የሴቶች መርማሪ ድርጅት ቊጥር አንድ» የተባለው ድራማ ነው። አሌክሳንደር መኮል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1998 ማሳተም በጀመራቸው መጻሕፍት ላይ ተመሥርቶ በ2008 እና በ2009 በ7 ክፍል ታየ። ፕሬሽየስ ራሞትስዌ የተባለች ሴት አባቷ በተዉላት የከብት ሀብት በዋና ከተማው በጋቦሮኔ አንድ ትንሽ ቢሮ ትከፍታለች፤ ጂል ስኮት የተባለችው አሜሪካዊት ዘፋኝ ተጫውታታለች። የምትመረምረው ነገር አብዛኛው የቤት ጣጣ ነው፤ የጠፋ ባል፣ የሚያሳስብ ልጅ፣ የሚያታልል ሠራተኛ። ደንበኛ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ ሻይ ትቀዳለታለች፤ ከዚያም ዝም ብላ ትሰማዋለች። እኛ ወይዘሮና አቶ እያልን እንደምንከባበር እነርሱም «ማ» እና «ራ» ተባብለው ነው የሚነጋገሩት። ጸሓፊዋ ማኩትሲ በጽሕፈት ትምህርት ቤት ከ100 97 ማግኘቷን በየጊዜው ስታነሣ የማይስቅ የለም። በመጀመሪያው ክፍል የጠፋ ሕፃን ነገር ስላለበት ወላጆች አስቀድመው ቢያዩት መልካም ነው።

በአገራችንም ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ድራማ ታይቷል። በ2000ዎቹ የታየው «ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ በተጫወተው አስናቀ በተባለው ተንኰለኛ ሰው ምክንያት በየቤቱ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ሰው ሁሉ አስናቀ መቼ ይያዝ ይሆን እያለ ሳምንቱን ይጠብቅ እንደ ነበር አይዘነጋም። ይህ የሚያሳየው ሕዝባችን የተንኰልን ገመድ በትዕግሥት ሲፈታ ማየት የሚወድ መሆኑን ነው። ነገር ግን ከተንኰለኛው ይልቅ መርማሪው የሚወደድበት፣ እንደ ሚስ ማርፕል ያለች አንዲት የልደታ እናት ቡና እያፈላች የሠፈሯን ምስጢር የምትፈታበት ድራማ ብናይ እጅግ ደስ ባለን። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ችሎቱ፣ ሐዲዱ፣ አሮጌው የአውሮፕላን ሜዳና አዲሱ ፎቅ በአንድ ሠፈር የተገናኙበት ልደታ ለእንዲህ ያለው ድርሰት ሁሉ ነገር የተሰናዳለት ነው። የአገራችን ደራስያን ይህን እንዲያስቡበት እናሳስባለን።

አሁን በልብ እንዲያዝልን ወዳልነው ነገር እንመለስ። በቤት ውስጥ የወርቅ ቀለበት ወይም ገንዘብ በጠፋ ጊዜ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ማን ናት? ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ ናት። ሣጥኗ ይፈተሻል፤ ደመወዟ ይያዛል፤ አንዳንድ ጊዜም በማታ ከቤት ትባረራለች። ከሳምንት በኋላ ቀለበቱ ከሶፋ ሥር ወይም ከእመቤቲቱ ካፖርት ኪስ ቢገኝ ይቅርታ የሚጠይቃት ማን ነው? የት ሄዳስ ትገኛለች? ይህ ነገር ሌባ ሻይ ነው፤ መድኃኒቱና ገመዱ ብቻ ቀርተዋል። «ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?» የሚለው የችሎት ጥያቄ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው በቤታችን ውስጥ ነው። ከላይ የጠራናቸው አምስቱ መርማሪዎች በብዙ ታሪካቸው የሚያሳዩን ነገር ቢኖር፣ አስቀድሞ የተጠረጠረው ድኻ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱን ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ እነዚህን ድራማዎች በሚያይበት ጊዜ በሚከተለው ልማድ ቢያያቸው ጥቅሙ ይበዛል። በሳምንት አንድ ምሽት ተመርጦ ሁሉም በአንድነት ይቀመጥ፤ የቤት ሠራተኛይቱም ሥራዋን ጨርሳ አብራ ትይ። እንግሊዝኛ ለማያውቁ ሽማግሌዎች ከልጆቹ አንዱ ንግግሩን እየመለሰ ይንገራቸው፤ ልጁ ሁለቱን ቋንቋ ይማርበታል። ታሪኩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ድራማው ይቁምና ከታናሽ እስከ ታላቅ እያንዳንዱ «እኔ የምጠረጥረው እገሌን ነው፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ ይናገር። ምክንያት ማቅረብ ያልቻለ ሰው ስም እንዳይጠራ ሕግ ይሁን። ከዚያ በኋላ ፍጻሜው ይታይ። ልክ የሆነው ልጅ ይመስገን፤ የተሳሳተው ደግሞ ንጹሑን ሰው ለምን እንደ ጠረጠረ ይጠየቅ፤ ትምህርቱ በዚያ ይገኛልና።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» ብለዋል፤ ደግሞም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል። እያደር የሚለው ቃል ትዕግሥትን ያስተምራል። በልደታ ችሎት ደጃፍ ቀጠሮ የሚጠብቀው ባለ ጉዳይ ይህን ያውቃል፤ ሚስ ማርፕልም በሹራቧ፣ ራሞትስዌም በሻይዋ ያወቁት ይህንኑ ነው። ልጆቻችን ሰውን ከመክሰሳቸው በፊት ማየትን፣ ከመፍረዳቸው በፊት መስማትን በጨዋታ መልክ ከተማሩ፣ ነገ በዳኝነትና በሹመት ወንበር በተቀመጡ ጊዜ አገር በእነርሱ ፍርድ ያርፋል።